ቁጢጥ ያለው ድንጋይ

ሬሳውን ያገኙት አባ ፉልበር ናቸው። ዓርብ ጠዋት፣ ለነገው ሠርግ የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ ሊያጸዱ መጥረጊያ ይዘው ሲዞሩ፣ ሕንጻውን የሚያድሰውን መሐንዲስ ሬሚ ዴልካስን ከክቡ የመቅደስ ግድግዳ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አዩት። ለእድሳቱ ከተተከለው መወጣጫ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ሸራ ግማሹ ተቀዶ በቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው። ዙሪያውን ስብርባሪ ድንጋይ ተበትኗል። አባ መጥረጊያቸውን ጥለው ወደ ከንቲባው ቤት ሮጡ፤ ከንቲባው ስልክ ደወለ፤ ረፋዱ ላይ ኢንስፔክተር ፎርቱኔ ማርሶ ከአውራጃው ከተማ በጥቁር መኪናው ደረሰ።

ማርሶ ወፈር ያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሰው ሲያናግረው የራሱን ጫማ እያየ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ብዙዎች የማይሰማ ይመስላቸውና እንደ ልባቸው ያወራሉ። እሱም ደስ ይለዋል።

«አደጋ ነው መቼም» አለ ከንቲባ ጋስፓር ቡሬል፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ድንጋዩ ወደቀበት። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ ትናንት ሰለቸው!»

«የትኛው ድንጋይ?»

ከንቲባው ወደ ላይ ጠቆመ። የቬርኔ ቤተ ክርስቲያን እንደ አካባቢው የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ጌጡም ጥቂት። ጌጥ አለ ከተባለ ያለው በዚህ በጀርባው ነው። የጣሪያውን ክፈፍ ከሥር የተሸከሙ አጫጭር ድንጋዮች ከግድግዳው ብቅ ብቅ ብለው ተደርድረዋል፤ የጥንቶቹ ጠራቢዎችም እያንዳንዱን በሰው ወይም በአውሬ መልክ ቀርጸውታል። አንዱ በርሜል ተሸክሟል፤ አንዱ ምላሱን አውጥቷል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። ከተሳሳሚዎቹ ቀጥሎ ያለው ግን ተሰብሮ ጉርዱ ብቻ ቀርቷል።

«እኛ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ ድንጋይ አለው» አለ ከንቲባው። «በርሜል የተሸከመው የኛ ነው፤ የቡሬሎች። ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰልፉ በዚህ ይዞራል። ከሙሽራው ወይም ከሙሽራዋ ቤተሰብ ድንጋይ ሥር ሲደርስ ቀጥ! ከዚያ ሰዉ ሆ ይላል፤ አባወራው ባርኔጣውን አውልቆ ለድንጋዩ እጅ እስኪነሳ ጩኸቱ አይቆምም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው።»

«የተሰበረውስ የማን ነው?»

ከንቲባው ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ ግን በአፍንጫው አመለጠ። «የሮንሲዬዎች! የነገዋ ሙሽራ ዘመዶች። ሱሪውን አውልቆ ቁጢጥ ያለ ሰውዬ ነው፣ ኢንስፔክተር! መቀመጫው እንዳለ ወደኛ፤ ፊቱን አጨማዶ ያምጣል። ምን እንደሚያምጥ እርስዎ ይገምቱ። ስማቸውም በዚያው ቀረ፤ ቁጢጦቹ ነው የምንላቸው።»

ማርሶ ሳቀ። ሬሳ አጠገብ መሳቅ ልማዱ አልነበረም፤ አመለጠው። ቀና ሲል ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ባልዲ የያዘች ልጃገረድ ቆማለች። አየችው፤ ፊቷ ደም መሰለ፤ ባልዲዋን ይዛ ፈጥና ሄደች።

«ማን ናት?»

«ብላንዲን ሮንሲዬ» አለ ከንቲባው። «ሙሽራዋ።»

የማርሶ ጆሮ ጋለ። ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። ሬሳውን ገልበጥ ሲያደርጉት ኮቱ ጀርባ ላይ የድንጋይ ፍርካሽ ተጣብቋል፤ ከሥሩም ቁራጮች አሉ። ጭንቅላቱ ከኋላ ከመሬት ጋር ተጋጭቷል፤ ከላይ ምንም ቁስል የለበትም። ማርሶ ቁራጮቹን አንድ ሳይቀር ራሱ ለቅሞ በከረጢት አሰረና፣ ጉልበቱን እየረገመ ወደ መወጣጫው ወጣ።

እዚያ ላይ ሲደርስ የድንጋዩን ጉርድ በጣቱ ዳበሰ። ከውጭ የሚታየው የድንጋዩ አፍንጫ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ጅራቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ክፈፉ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖታል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከነጅራቱ ካልተነቀለ አይወድቅም፤ ክፈፉ ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በጉርዱ ላይ አራት ማዕዘን የሆኑ የመዶሻ ምልክቶች ታትመዋል። ሳንቃው ላይ ውሃ ያለበት ጣሳና እርጥብ ብሩሽ ተቀምጠዋል። ከጎኑ ያሉት ተሳሳሚዎች ጫፋቸው እንኳ አልተነካም።

ከንቲባው ከታች ጮኸ። «ምን አገኙ?»

«አቧራ» አለ ማርሶ። ሲወርድ ጠየቀው፦ «ከዴልካስ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ እኔ! ሳንቃውንና ሸራውን ከሠርጉ በፊት አንሳልን አልኩት፤ ወር ሙሉ ድንጋዮቻችንን ሸፍኖብን። ‹ዓርብ ይነሳል› አለኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከንቲባ፣ ቅዳሜ የሚስቁ አይመስለኝም።› ከተሜ አይደል፣ ቀልድ አያውቅም።»

«ትናንት የማታው ደወል ሲደወል የት ነበሩ?»

«ጓዳዬ ውስጥ፣ ከቴዎዱል ሮንሲዬ ጋር። ለሠርጉ የሚሆነውን ወይን ስንቀምስ። አሽከሮቼን ይጠይቁ፤ ሁለታችንንም ደግፈው ነው ያወጡን።»

ማርሶ አሽከሮቹን ጠየቀ፤ እውነት ነበር። ከዚያ አባ ፉልበርን ዕቃ ቤት ውስጥ አገኛቸው። የአዳሹ መሮና መዶሻ እዚያው በሳጥን ተቆልፏል፤ ሁሉም ጫፋቸው ሹል ነው።

«አባ፣ በነዚያ ድንጋዮች ላይ ሰብከዋል ይባላል።»

«ሰብኬያለሁ።» ወጣት ቄስ ናቸው። «ግን በቁጢጡ ላይ አይደለም። የኔ ጠብ ከተሳሳሚዎቹ ጋር ነው። ልጆች ቆመው ያይዋቸዋል እኮ!»

«ማታ ምን ሰሙ?»

«ደወሉን ራሴ ነኝ የምደውለው፤ እየደወልኩ ምንም አይሰማኝም። ስጨርስ… ከውጭ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ድመት መሰለኝ።» ወደ በሩ አዩ። «አይደለም። ዋሸሁ። ድመት እንዲያ ከባድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሾርባዬ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ ነው ያልወጣሁት። ወጥቼ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ማርሶ ሳጥኑን መልሶ ቆለፈ። ይህን እሱም አያውቀውም፤ ወደ ሮንሲዬዎች ግቢ አመራ።

ቴዎዱል ሮንሲዬ በርሜል ሠሪ ነው፤ ግቢው ውስጥ በተደረደሩ ገበታዎችና አግዳሚዎች መካከል ተቀምጦ አገኘው። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ድምፅ።

«ሠርጉን እንተወው ይሆን ኢንስፔክተር? የሙሽራው ሰዎች ነገ በጠዋት ይደርሳሉ።»

«መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ይንገሩኝ። አያናድድዎትም ነበር?»

«ልጅ ሆኜ አልቅሼበታለሁ። አሁን ግን ቀድሜ እኔው እስቃለሁ፤ ቀድሜ ከሳቅሁ እነሱም ቶሎ ይተዉኛል። ይኸው ነው።»

«ዴልካስ እናንተ ቤት ነበር የሚያድረው?»

«ፎቅ ላይ። ደግ ልጅ ነበር። ብላንዲንን እንደ እህቱ ነበር የሚያያት። ግን ረቡዕ እራት ላይ አንድ ነገር አለ። ‹ቅዳሜ ሰልፉ ከድንጋያችሁ ሥር ሲቆም ቀና ብላችሁ እዩ። ጥርት አድርጌ አጥበዋለሁ፤ እንዲህ ታይቶ አያውቅም› አለን። እየሳቀ።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«እኔ ሳቅሁ። ብላንዲን ተነስታ ወጣች። ሚስቴ ሳህን አነሳች።»

«ብላንዲን ትናንት ማታስ?»

«ሰፊዋ ቤት ነበረች፤ ቀሚሷን ስትለካ። ሦስት ሴቶች ከበዋት።»

ማርሶ በርሜል ሠሪው ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን መዶሻ አየ። ፊቱ አራት ማዕዘን ነው። በቬርኔ ወይን የሚጠምቅ ቤት ሁሉ ግን እንዲህ ያለ መዶሻ አያጣም፤ የከንቲባው ጓዳም ሁለት ነበረው።

ሚስቱ ዩላሊ ሮንሲዬ ወጥ ቤት ውስጥ ዳክዬ ትነጫለች። ወገቧ ላይ ያሰረችው ጨርቅ ላባ ብቻ ሆኗል። ቀና ሳትል ወንበር አመለከተችው።

«እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይመስሉም፣ እትዬ ዩላሊ።»

«የባሕሩ ዳር ሰው ነኝ። አባቴ ጨው ነበር የሚያወጣው።»

«ታዲያ እዚህ ሲያገቡ ድንጋዩን ያውቁት ነበር?»

እጇ ቆመ። «ማን ይነግረኛል? ቴዎዱል አፍሮ አልነገረኝም። ሰልፉ ቆመ፤ ሰዉ ሆ አለ። አባቴ ያከበሩት መስሎት እሱም ባርኔጣውን አነሳላቸው፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ይሄኔ ጨርሰው ሳቁ። ከዚያ ነው ቀና ብሎ ያየው።» ላባውን መንጨት ቀጠለች። «እስኪሞት ድረስ ቬርኔን ረግጧት አያውቅም።»

«ነገ ደግሞ ብላንዲን…»

«ነገ ደግሞ ብላንዲን» አለች። «አሁን ግን ተሰብሯል አሉ፤ ይሰበር! የልጁ መሞት ያንገበግባል፤ እንደ ልጄ ነው ያበላሁት። ድንጋዩ ግን አንዱን ጫማውን አጥልቆ አንዱን አውልቆ ቁጢጥ ያለ ባለጌ ነው። ምኑ ያሳዝናል?»

«ዛሬ ወጥተው አይተውታል?»

«ይህን ሁሉ ዳክዬ ማን ይነጭልኛል? ከረቡዕ ወዲህ ከዚህ ወጥ ቤት አልወጣሁም።»

ማርሶ ጫማውን ሲያይ ቆየና አመስግኖ ወጣ። ዕቃ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያዞረ ይገጣጥማቸው ጀመር። ጉልበት ከጭን ጋር ገጠመ፤ ክንድ ከትከሻ ጋር። ከዚያ ሁለት ጣት የምታህለውን የመጨረሻዋን ቁራጭ ቦታዋ አስገባና እጁ እዚያው ቆመ። ጠዋት የሳቀው ሳቅ ትዝ አለው። አባ ፉልበር ምሳ ይበሉ እንደሆነ ሊጠይቁት ሲመጡ አልፈልግም አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ከንቲባው ፊት ወንበር ያዘ፤ ሮንሲዬዎች ሦስቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ አባ ፉልበር ቆሙ። ያልተጠሩ ጎረቤቶችም በሩ ላይ ታጭቀዋል። ከላይ ያለው የድንጋይ ቅስት ትንሹን ሹክሹክታ እንኳ ተቀብሎ ለሁሉም ያዳርሳል። መሠዊያው ደረጃ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ።

«ዴልካስን ድንጋይ አልገደለውም» አለ ማርሶ። «ድንጋዩ ጅራቱ ግድግዳው ውስጥ አለ፤ ክፈፉ እንዳለ ተጭኖታል። በራሱ አይወድቅም። በመዶሻ ነው የተሰበረው፣ ደወሉ ሲደወል፣ ድምፁ እንዳይሰማ።»

«ራሱ ሰብሮት ይሆናላ» አለ ከንቲባው።

«ሊሰብሩት ያሰቡትን ድንጋይ ማን በብሩሽ ያጥባል? ደግሞ የሱ መሣሪያ ሁሉ ሹል ነው፤ ምልክቱ የበርሜል ሠሪ መዶሻ ነው። ሰውዬው የወደቀው ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ስብርባሪው ከሥሩ ነበር። ሸራውን ጨብጦ ነበር፤ ስለዚህ ሲወድቅ በሕይወት ነበር፣ የሚይዘው ፈልጎ ነበር። ሰባሪው እላይ ሳለ ደረሰበት። ሊያስቆመው ወጣ።»

«የበርሜል መዶሻ ካሉማ…» ከንቲባው ወደ ቴዎዱል ዞረ።

«እሱ እርስዎ ጋ ሰክሮ ነበር፤ እርስዎም ከሱ ጋር። አባ ደግሞ መዶሻ አንስተው ቢሆን የሚጀምሩት ከተሳሳሚዎቹ ነበር፤ ከጎኑ ናቸው፣ አልተነኩም። ያ ሰው የፈለገው ቁጢጡን ብቻ ነው። ዛሬ ሳንቃው ሊነሳ፣ ነገ ሰልፉ ሊያልፍ ነበርና።»

ማርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫማው ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ከንቲባ፣ ይህን ድንጋይ ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል። እግሩ ጫማ አለው?»

«እግሩ? እግር ያለው መሆኑንም አላውቅ። ከታች የሚታየው መቀመጫውና ፊቱ ነው።»

«ቴዎዱል?»

«እኔም አይቼ አላውቅም።»

«ማንም ሊያይ አይችልም። የሸረሪት ድርና የድንጋይ ሽበት ሸፍኖት ነበር፤ የታጠበውም ሳንቃው ከሸፈነው በኋላ ነው። ቁራጮቹን ደግሞ ጠዋት እኔ ለቅሜ ቋጥሬያለሁ። ከኔና ከዴልካስ በቀር ያየው ሰው ካለ፣ መወጣጫው ላይ ቆሞ ያየው ነው። ግን ዛሬ አንድ ሰው አንዱን ጫማ አጥልቆ አንዱን አውልቆ አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ዩላሊ።»

ቴዎዱል ብድግ አለ። «ልጁ ነግሯት ይሆናል! እኛ ቤት አይደል የሚበላው!»

«እኔም ያንን ነው የተመኘሁት። ነገር ግን ስለ ጫማው ነግሯት ቢሆን ሌላውንም ይነግራት ነበር። ሌላውን ብታውቅ ደግሞ መዶሻ አታነሳም ነበር።»

ጨርቁን ገለጠው።

አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ጭኖታል፤ ያ እግር ባዶ ነው፤ ጫማው በሌላኛው ብቻ አለ። በአንድ እጁ ባዶውን እግር ጨብጧል፤ በሌላው እጁ ሁለት ጣቶች መካከል፣ ከተረከዙ ወጣ ያለች ቀጭን ነገር አለች። ፊቱ ያንን እያየ ተጨማዷል።

«እሾህ ነው» አሉ አባ ፉልበር፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «እሾህ እያወጣ ነው።»

«ሱሪውንም አላወለቀም» አለ ማርሶ። «ያ መቀመጫ የምትሉት የታጠፈው ጭኑ ነው፤ ዝናብ በልቶት እንጂ ጨርቁ ይታያል። ሰውዬው መንገደኛ ነው። እግሩን ወጋው፤ ተቀመጠ፤ አመመው። ዴልካስ ሲያጥበው ይህን አገኘ። ለብላንዲን የሠርግ ስጦታ ሊያደርግላት ፈልጎ ደበቀው። ‹ቅዳሜ ቀና ብላችሁ እዩ› ያላችሁ ለዚህ ነው። ‹ከንቲባ፣ አይስቁም› ያለዎትም።»

ዩላሊ ተነስታ ወደ ደረጃው መጣች። ማንም አልከለከላትም። ጎንበስ ብላ ያችን እሾህ በጣቷ ነካቻት።

«መሽቶ ነበር» አለች። «ጫማውን ብቻ ነው ያየሁት። እንዲያውም ጫማውን ሳይ ጨርሶ ንዴቴ ባሰ። ተሰባብሮ ሲረግፍ ልጁ እየሮጠ ወጣ። ‹ተዪ! ተዪ!› ይላል። ክንዴን ያዘኝ። ‹አታውቂም› አለኝ። የማላውቀው ምን አለ? ሃያ ምናምን ዓመት ስውጠው የኖርኩትን? ገፋሁት።» ወደ ማርሶ ዞረች። «ለምን አልነገረኝም? አንድ ቃል ብቻ! ሾርባ ሳቀርብለት እንኳ…»

«አላወቀማ» አለ ማርሶ። «እንዲህ እንደሚያማችሁ ማንም አልነገረውም። ቤቱ ሁሉ ይስቃል።»

ቴዎዱል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ቀድሜ የምስቀው።» ብላንዲን አባቷን አላየችውም፤ እናቷን ብቻ ታይ ነበር። ከንቲባ ቡሬል ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

መኪናው የቆመው በፊት በር በኩል፣ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ማርሶ ክንዷን ይዞ በዚያ ሊያወጣት ሲል ዩላሊ ቆመች።

«በጓሮ እንሂድ» አለች።

«በዚህ ይቀርባል፣ እትዬ።»

«ሙሽራ ሆኜ የሄድኩት በጓሮ ነው። በዚያው ነው የምሄደው።»

ዞሩ። ሕዝቡ በሩቁ ተከተለ፤ ሳያስቡት ተራ ይዘው፣ ልክ እንደ ሠርግ። ከተሰበረው ድንጋይ ሥር ስትደርስ ዩላሊ ቀጥ አለች። ሰልፉም ቆመ። ሻሿን ከራሷ ላይ አወለቀች፤ ሽበቷ ተገለጠ። ወደ ባዶው ቦታ ቀና ብላ፣ አባቷ ያኔ እንዳደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰዉ መለሰች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። «ጩኹ እንጂ!»

አባ ፉልበር ጠዋት የጣሉት መጥረጊያ እዚያው ሣሩ ላይ ነበር። ወንዶቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የማርሶ ግን መኪናው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ የሚያወልቀው አልነበረውም፤ ብላንዲን እያየችው መሆኑን ስላወቀ ቀና ማለት አቅቶት ጫማውን ያይ ነበር።